የዓለምዘርፍ ግማሽ ድምፅ

የዓለምዘርፍ ጠያቂ ናት። የሚወዷትም የማይወዷትም ይህንኑ ይላሉ፤ ልዩነቱ አባባላቸው ላይ ነው። አውቶቡስ ስትሳፈር ሹፌሩን መስመሩ ለምን እንደተቀየረ ትጠይቀዋለች፤ ሐኪም ቤት ደሟን የምትቀዳውን ልጅ ያ ሁሉ ብልቃጥ የት እንደሚሄድ ትጠይቃታለች። ባሏ አያሌው፣ ዕድሜውን ሙሉ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ሲነዳ ኖሮ በቅርቡ ጡረታ የወጣው፣ «አንቺ መርማሪ ብትሆኚ ሌባው ሰልችቶት ያምን ነበር» ይላታል። እሷ ግን ማንንም ለማጥመድ ብላ አይደለም። ያልገባት ነገር ጫማ ውስጥ እንደገባ ጠጠር ነው የሚሆንባት፤ ካላወጣችው አትራመድም።

የምትሠራው እዚያው የምትኖርበት ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ አቅም ያነሳቸውን አረጋውያን ቤታቸው እየሄደች ትንከባከባለች። ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ የያዘቻቸው ሚስ ዶሮቲ የሚባሉ አሜሪካዊት ናቸው። ጉልበታቸው ከዳቸው እንጂ አንደበታቸው አልከዳቸውም። ጠዋት ዓይናቸውን ሲገልጡ ቴሌቪዥኑ ይከፈታል፤ ዜና፣ ክርክር፣ ደግሞ ዜና። የዓለምዘርፍ ፀጉራቸውን እያበጠረች በግማሽ ጆሮ ትሰማለች። አንድ ቀን ግን ሴትዮዋ «የኔ ድምፅ እኮ ከሰላሳ ዓመት በላይ ለምንም ውሎ አያውቅም» ሲሉ ማበጠሪያው እጇ ላይ ቆመ።

«እንዴት ማለት?» አለች።

አስረዷት። ፕሬዚዳንት የሚመረጠው የአገሩ ሰው ድምፅ በሙሉ አንድ ላይ ተደምሮ አይደለም። እያንዳንዱ ስቴት የተመደበለት የድምፅ ቁጥር አለው፤ የሜሪላንድ አስር ነው። ስቴቱን ያሸነፈ ወገን አስሩንም ጠቅልሎ ይወስዳል። ሚስ ዶሮቲ ሪፐብሊካን ናቸው፤ ሜሪላንድ ደግሞ ዲሞክራት። ስለዚህ ሴትዮዋ ወረፋ ይዘው፣ ምርኩዛቸውን ተደግፈው በመረጡ ቁጥር አስሩም ለማይፈልጉት ሰው ይሄዳል።

«ታዲያ ለምን ይመርጣሉ?»

«ቤት ቁጭ ብዬ ከምናደድ ወጥቼ ልናደድ ብዬ ነዋ።»

ደግሞ እህት አላቸው፣ ኔብራስካ ውስጥ ኦማሃ የምትኖር፣ ዲሞክራት። ኔብራስካ ከሌሎቹ ትለያለች፤ ሁለቱ ድምፆቿ ለስቴቱ አሸናፊ ይሄዱና ቀሪዎቹ ሦስቱ በየወረዳው ይከፋፈላሉ። በዚህ የተነሳ ስቴቱን በሙሉ ሪፐብሊካኖች ቢያሸንፉትም ከኦማሃ አንዷ ድምፅ ልታመልጣቸው ትችላለች። የዚያ ፓርቲ ሰዎች ደንቡ ይቀየርና ሁሉም ለአሸናፊው ይሁን እያሉ ይታገላሉ። እንደዚሁ የሚያከፋፍለው ሌላው ስቴት ሜይን ነው፤ እዚያ ያሉት ዲሞክራቶች ደግሞ «እናንተ ከቀየራችሁ እኛም እንቀይራለን» ብለው ዛቱ። እህትማማቾቹም በስልክ ይኸንኑ ይዘው ይሟገታሉ፤ የዓለምዘርፍ በዚያ ሰሞን ክርክሩን ልትሰማ ከሥራ የምትወጣው እየዘገየች ነበር።

«ሚስ ዶሮቲ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና» አለች አንድ ቀን፣ «ሜሪላንድ ላይ ድምፁ ይከፋፈል ነው የሚሉት?»

«አዎ። ፍትሕ ነው።»

«ኔብራስካ ላይስ?»

ሴትዮዋ ትከሻቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ። «እህቴም እንደዚሁ ናት እኮ፤ በግልባጩ» አሉ።

ከዚያ ወዲህ የዓለምዘርፍ ዜናውን በሌላ ጆሮ መስማት ጀመረች። በፖስታ ስለሚላክ ድምፅ ሲነታረኩ፣ መታወቂያ ይጠየቅ አይጠየቅ ሲባባሉ፣ ወረዳ እንዴት ይከለል ሲሉ፣ ሁሉም የሚያወራው ስለ ፍትሕ ነው። እሷ ግን መጀመሪያ የምትጠይቀው «ይሄ ደንብ ቢወጣ ማን ይጠቀማል?» ብላ ሆነ። አብዛኛውን ጊዜ መልሱ ተናጋሪው ራሱ ነበር። ይህ አላስከፋትም፤ እንዲያውም ደስ አላት። እንቆቅልሽ የፈታች መሰላት።

ነገሩ ቤቷ የገባው በእድራቸው በኩል ነው።

እድሩ የሜሪላንድንም የቨርጂኒያንም ሰው አንድ ላይ የያዘ ነው። ስብሰባው አሌክሳንድሪያ በአንድ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ይደረጋል። አባል ሲሞት ሐዘንተኛውን ያስተዛዝናል፣ አስከሬኑንም ወደ አገር ቤት ይልካል። መላክ ብቻ ነው ደንቡ፤ እዚህ ልቀበር ላለ እድሩ ምንም አያደርግም። አሁን አንዳንዶች «አባሉ ይምረጥ፤ እዚህ ልቀበር ያለም ይቀበር» የሚል ሐሳብ አምጥተው ድምፅ ሊሰጥበት ቀርቧል። ድምፅ የሚሰጠው ደግሞ በቤት ነው። አንድ ቤት አንድ እጅ ያወጣል፤ እጁም የባል ነው። ማንም ክፉ አስቦ አልጻፈውም፤ ከአገር ቤት እንደመጣ ተቀምጦ ቀረ።

የዓለምዘርፍ መቀበር የምትፈልገው እዚህ ነው። ቦታውን ሳይቀር ታውቀዋለች፣ ለአያሌውም አንዴ ነግራዋለች፤ ከልጇ ከቤዛዊት ቤት ብዙ የማይርቅ፣ አውቶቡሷ በየቀኑ በአጠገቡ የሚያልፍ ተዳፋት መቃብር ነው። ልጇ እዚህ ተወልዳ ያደገች፣ አማርኛ የምትሰማና በእንግሊዝኛ የምትመልስ ልጅ ናት፤ ልጆቿም እንደሷ። አገር ቤት ብትቀበር ማን መጥቶ ይጠይቃታል? ደግሞ እንደ ዕቃ በካርጎ መጫኑን አልወደደችውም።

«የኛ ቤት ድምፅ ለየትኛው ነው?» አለችው አያሌውን፣ ሰሃን ሲያጥብ።

«ደንቡ እንዳለ ይቀጥል ነው የምለው። እናቴ አጠገብ ነው እኔ የምፈልገው፤ ታውቂ የለ።»

«እኔ እኮ እዚህ ነው የምፈልገው።»

«ታዲያ ቤቱ አንድ ነው፤ ምን ላድርግ?» አለና ሰሃኑን አስቀመጠ።

የዓለምዘርፍ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች። ሚስ ዶሮቲን ሆና አረፈችው! ድምፅዋ ሳይቆጠር መቅረቱ ብቻ ቢሆን ባልከፋ፤ ለሌላው ወገን ተደምሮ መቆጠሩ ነው እንጂ።

በማግስቱ ለእድሩ ሰብሳቢ ለብርሃነመስቀል ደወለችለት። ብርሃነመስቀል አሌክሳንድሪያ የሚኖር፣ ደንብ የሚባል ነገር ከምግብ አስበልጦ የሚወድ ሰው ነው። «የአንድ ቤት ድምፅ ለሁለት ይከፈል» አለችው፤ «ግማሹ የባል፣ ግማሹ የሚስት።» ሰውዬው ደስ አለው። «የኔ እመቤት፣ ይኼ እኮ የኔብራስካ ነው!» አለ።

ወሬው ወዲያው ተሰማ። እዚህ እንቀበር የሚሉት ሐሳቡን አቀፉት፤ ወደ አገር ቤት የሚሉት ኮሶ እንደጠጣ ሰው ፊታቸውን አጨማደዱ። የሁሉም ግምት አንድ ነበር፤ ሚስቶች ከልጆቻቸው አይርቁም፣ እዚህ ነው የሚሉት። ትክክል ነው ወይ ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም። የዓለምዘርፍም ራሷ አልጠየቀችም፣ ላንግሊ ፓርክ ስሂን ቤት እስክትሄድ ድረስ። ስሂን የልብ ጓደኛዋ ናት።

«ግማሼን ከሰጣችሁኝማ ደግ» አለች ስሂን። «እኔ አገሬ ነው የምሄደው። ይኼ ባሌ ነው እዚህ እዚህ የሚለው።»

የዓለምዘርፍ ክው አለች። በመልሱ አውቶቡስ ራሷን እንደ ሌላ ሰው መረመረችው። ሚስቶቹ ሁሉ እንደ ስሂን ቢሆኑስ? ግማሽ ድምፅዋ የምትፈልገውን ቢያሳጣትስ፣ ያኔም ይከፈል ትላለች? መልሱ ቶሎ አልመጣም። ሲመጣም እየተጎተተ ነው፤ አዎ፣ ያኔም። ግን በጣም ደስ ብሏት አልነበረም፤ ይህን መካድ አይቻልም።

የስብሰባው ዕለት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። የመጀመሪያው ጠብ ስለ ባልቴቶች ነበር። ባሏ የሞተባት ሴት ቤቱን ወክላ ሙሉ እጅ ታወጣለችና፣ አንዱ ተነስቶ «ታዲያ ባል ያላት ግማሽ፣ የሞተባት ሙሉ ከሆነ እኛ ምን ሊመጣብን ነው?» አለ። ተሳቀ። ሁለተኛው ጠብ ግን ቁም ነገር ነበረው፤ ደንቡን ለመቀየር ድምፅ የሚሰጠው በየትኛው ደንብ ነው? በአዲሱ እንዳይባል ገና አልጸደቀም። ብርሃነመስቀል መነጽሩን አወለቀና «በነባሩ» አለ። ከባልቴቶቹ በቀር ባሎች ብቻ፣ ማለት ነው። ሚስቶች ግማሽ ድምፅ ይኑራቸው አይኑራቸው ባሎች ይወስናሉ።

የዓለምዘርፍ አያሌውን ከጎን አየችው። ለሷ ከዚያ ወዲያ ጉዳዩ የእድር አልነበረም።

«የሚደግፉ» ሲባል እጆች ወጡ። የአያሌው ጉልበቱ ላይ ነበር። «የሚቃወሙ» ሲባል እሷን ሳያያት እጁን አወጣ። ጸሐፊው ኢዛና፣ ሒሳብ የተማረ ወጣት፣ ቆጥሮ ደግሞ ቆጠረ። ሐሳቡ በአንድ ቤት ብልጫ ወደቀ።

በአንድ ቤት። ሰው ሁሉ የየትኛው ቤት እንደሆነ ያወቀ መሰላትና ፊቷ ጋለ።

በመኪና ወደ ቤት ሲመለሱ ዉድሮው ዊልሰን ድልድይን አለፉ። ወንዙን ተሻግረው ሜሪላንድ ሲገቡ ጠጠሩ አላስቀምጥ አላት።

«ለምን?» አለችው። ተቆጥታ ልትለው ነበር፤ አወጣጡ ግን የጥያቄ ሆነ።

«ግማሹን ከሰጡሽ እዚህ ትቀሪያለሽ» አለ አያሌው መንገዱን እያየ። «እኔ እዛ ብቻዬን ልተኛ?»

«እናትህ አጠገብ ነህ እኮ።»

«ከእናቴ ጋር ልጅነቴን ነው የኖርኩት። ዕድሜዬን የኖርኩት ካንቺ ጋር ነው።»

ከተጋቡ አርባ ዓመት ሊሞላቸው ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። «ታዲያ ይህን ለምን አልነገርከኝም?»

«መች ጠየቅሽኝ? የባስ ሹፌር ትጠይቂያለሽ፣ ነርስ ትጠይቂያለሽ። እኔን የት ትፈልጋለህ አልሽኝ እንጂ ለምን አላልሽኝም።»

የዓለምዘርፍ በመስኮቱ ወደ ውጭ ዞረች። አለቀሰች፤ በሱ ይሁን በራሷ ለይታ አላወቀችም። ንዴቷም አልለቀቃትም። መፍራቱ ገብቷታል፤ ፈርቶ የሷን እጅ መያዙ ግን አልተዋጠላትም።

ሳምንቱ ሲያልቅ ብርሃነመስቀልን ነገሩ እንደገና ይታይ እንደሆነ ጠየቀችው። «ይታያል» አላት፤ «ሞሽኑን፣ ይደገም የሚለውን ሐሳብ፣ ማቅረብ የሚችለው ግን ባለፈው ባሸነፈው ወገን ድምፅ የሰጠ ሰው ብቻ ነው። የተሸነፈ ቢሆንማ በየስብሰባው ይነሳ ነበር።»

«ያሸነፈ ሰው ለምን ብሎ ነው ይደገም የሚለው?»

«እሱን እኔም አላውቅም» አለ ብርሃነመስቀል። «እስካሁን አንድም አልገጠመኝም።»

ማታ ራት ላይ ይህንኑ ለአያሌው አወራችው፣ እንዲሁ እንደ ወሬ። አድርግልኝ አላለችውም። ለምና የምታገኘው ግማሽ አላማራትም። አያሌው ጎርሶ፣ አኝኮ፣ «የሚገርም ደንብ ነው» ብሎ ተነሳ። ልቧ ቅዝቅዝ አለ።

በሚቀጥለው ስብሰባ፣ ብርሃነመስቀል ገና አጀንዳ ሲያነብ፣ አያሌው ብድግ አለ። በስብሰባ ተናግሮ የማያውቅ ሰው ነው፤ ኮቱን ያዝ ለቀቅ አደረገ።

«ባለፈው ካሸነፉት ነኝ» አለ። «ያሸነፍኩት ሚስቴን ነው። እንደገና ይታይ።»

«ምክንያት ካለዎት፣ አቶ አያሌው?» አለ ብርሃነመስቀል።

«ይኸው ነው ምክንያቱ» ብሎ ተቀመጠ።

ድምፁ ተደገመ፤ በዚያችው በአንድ ቤት ልዩነት የቤት ድምፅ ለሁለት እንዲከፈል ጸደቀ። ብርሃነመስቀል ጊዜ አልሰጠም፤ እዚያው በአዲሱ ደንብ የመቃብሩ ጉዳይ ይወሰን አለ። «አባሉ ይምረጥ የምትሉ፣ ባልም ሚስትም፣ እጅ!»

የዓለምዘርፍ እጇን አወጣች። ምን ያህል ከፍ እንደሚደረግ አላወቀችውም ነበር፤ ጆሮዋ አካባቢ ቀረ። አያሌው በጣቱ ክርኗን ገፋ አደረገና «ከፍ አድርጊው፤ ለኢዛና አይታየውም» አላት። የራሱ እጅ ጉልበቱ ላይ ነው። ለተቃዋሚው ወገን ያስቀመጠው መሆኑን ታውቃለች፤ ግማሹ የሱ ነውና አልተቀየመችም።

«የምትቃወሙ!»

ከፊት ለፊት ስሂን እጇን ቀጥ አድርጋ አወጣች። የዓለምዘርፍ ወደ ባሏ ዞረች። እጁ አልተነሳም።

«አታወጣም እንዴ?» አለችው በሹክሹክታ።

«ቆይ፣ እያሰብኩ ነው።»

ኢዛና ግማሹን ከሙሉው እየደመረ፣ እየተሳሳተ፣ እንደገና እየጀመረ ቆጠረ። ብርሃነመስቀል ማለፉን ሲናገር ግማሹ አዳራሽ አጨበጨበ፤ ሌላው አጉረመረመ። በዚያ ጫጫታ መሃል አያሌው ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ።

«ያ ያልሽው ተዳፋት» አላት፣ «ለሁለት የሚሆን ቦታ አለው?»