እናቴ በስህተት ያጨችልኝ ልጅ

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ የማታ ትምህርት ጀምሬ፣ ዘንድሮ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። በቀደም መምህራችን «ትዳር የሚቆመው በምን ላይ ነው?» ብሎ ጠየቀን። የልጅ ልጆቼ ሊሆኑ የሚችሉት ተማሪዎች ሁሉ «በፍቅር» አሉ። «አባባስ?» አለኝ። አንድ ቃል ስላልበቃኝ «ጽፌ ላምጣ» አልኩት። አሁን ልሞክረው።

በደርግ ዘመን፣ ሃያዎቹን ስጀምር፣ ቢቸና አስተማሪ ነበርኩ። ደሳለኝ የሚባል የሞጣ ሰው አብሮኝ ያስተምር ነበር፤ ከእናቴ ቤትም አንዱን ክፍል ተከራይቶ ይኖራል። ማታ ማታ ሽሮ እየሠራን እናወጋለን። በክረምት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ የሚለውን ለመስማት እጠጋዋለሁ፤ ዝናቡ ካባራም በኋላ እዚያው እቀራለሁ። ጓደኝነት ነው እል ነበር። ጓደኝነትም ነበር፤ ግን ከዚያ የሚተርፍ፣ ስም የማላውቅለት ነገር ነበረው።

በጥር ደሳለኝ ሞጣ ላይ ጥሩወርቅ የምትባል ያገሩን ልጅ አገባ፤ እኔ አንደኛ ሚዜ ሆንኩ። በጭነት መኪና፣ ጆንያ ላይ ተቀምጠን ሄድን። አዝመራው ተሰብስቦ አገሩ ሁሉ ቢጫ ገለባ ሆኗል፤ የጮቄ ተራራ ከሩቅ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። ደሳለኝ ትከሻዬ ላይ እንቅልፍ ወሰደው። መንገዱ ባያልቅ ብዬ ተመኘሁ።

በሠርጉ ዕለት ሌሎቹ ሚዜዎች ሲጨፍሩ እኔ ዳር ቆሜ ሙሽሮቹን አያለሁ። ከኋላቸው የጥሩወርቅ ጓደኛ ዓለምነሽ ጥላ ይዛላቸው ቆማለች። ጠላውም ወጡም አልወርድ አለኝ።

ቢቸና ከተመለስኩም እህል አስጠላኝ። እናቴ ተጨንቃ ሁለተኛውን ሚዜ ጠየቀችው።

«ምን ይደበቃል እማማ፤ ያችን ጥላ የያዘችውን ሲያይ ነው የዋለው» አላት።

እናቴ ደስ ብሏት፣ ለእኔ ሳትነግረኝ ሽማግሌ ላከች። እኔ የሰማሁት የዓለምነሽ አባት እሺ ካሉ በኋላ ነው። እንግዲህ ጋብቻው ቢቀር ልጅቷ የሞጣ መጠቋቆሚያ ልትሆን ነው፤ ካልቀረ ደግሞ የማላውቃትን ሴት ዕድሜ ልኳን ላታልላት ነው። እንቅልፍ አጣሁ። በመጨረሻ ሞጣ ሄድኩና ከምታስተምርበት መዋዕለ ሕፃናት ስትወጣ ጠበቅኳት። በባሕር ዛፎቹ መሃል ጎን ለጎን ሄድን።

«እናቴ ተሳስታ ነው» ብዬ ጀመርኩ።

«አውቃለሁ። እኔን መች አየኸኝ? ደሳለኝን ነበር የምታየው።»

«ማን ነገረሽ?»

«ማንም። እኔም ጥሩወርቅን ሳይ ስለዋልኩ አስተያየትህን አወቅኩት። ጥላውን ለእሷ ብዬ የያዝኩት መሰለህ? ፊቴን ይከልልልኝ ብዬ ነው።»

ሳቄ አመለጠኝ። እሷም ሳቀች፤ ከዚያ ዓይኗ እንባ ሞላ።

«ሽማግሌ በመጣ ቁጥር ታምሜያለሁ እያልኩ አባቴን አሰለቸኋቸው» አለች። «ስማኝ፤ ሌላ አግብቼ ስዋሽ ከምኖር፣ ከአንተ ጋር እውነቱን እያወራሁ ብኖር ይሻለኛል። አንተስ?»

ብዙ መንገድ ሄድን። ቅጠሉ ከላያችን ይንሾካሾካል።

«ሽሮ መሥራት እችላለሁ» አልኳት።

«እንግዲያው ተስማማን» አለች።

ተጋባን። አንድ ቤት፣ ሁለት አልጋ። ልጅ አልወለዱም ብሎ ሰው አዘነልን። ጥሩወርቅ የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ ዓለምነሽ ስታርሳት ከርማ መጣች፤ ምንም ሳልጠይቃት ሻይ አፈላሁላት። ደሳለኝ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር የተዛወረ ቀን ደግሞ በሩን ዘግታ «አሁን አልቅስ፤ ማንም የለም» ያለችኝ እሷ ናት።

ደሳለኝን እንደወደድኩት ዓለምነሽን ወድጃት አላውቅም። ዓለምነሽን እንደወደድኳት ደግሞ ማንንም ወድጄ አላውቅም። አንዱ አስቸግሮኝ ኖረ፤ በሌላው ኖርኩ። ሁለቱንም ፍቅር እላቸዋለሁ፤ መምህሩ ቢያርመኝም።

ትናንት ይህን አነበብኩላት። መነጽሯን አወለቀችና፣ «ደሳለኝ ቆንጆ እንደነበር አልጻፍክም» አለችኝ።

«ያስፈልጋል?»

«ጻፈው እንጂ። አሁን ከማን ትደብቃለህ?»

ቆንጆ ነበር።