የተበሳው የወይራ እጀታ

አባቴ በወጣትነታቸው ሰሜን ተራሮች ላይ የፈረንጅ ተራራ ወጪዎችን ጓዝ በበቅሎ ይጭኑ ነበር። ከእነዚያ ፈረንጆች አንዱ እጀታው የተሰበረ የበረዶ መጥረቢያ ጥሎላቸው ሄደ፤ አንዱ ጫፉ የሾለ፣ ሌላው እንደ ዶማ ጠፍጣፋ። አባቴ ከወይራ እጀታ ጠርበው ድንች ሲቆፍሩበት ኖሩ። አርጅተው ባሕር ዳር እኔ ቤት ሲገቡ እሱም በጆንያ ተጠቅልሎ አብሯቸው መጣ። ዝገት በልቶታል።

የምሠራው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጥገና ክፍል ነው፤ ብረት አውቃለሁ። ግራይንደር ባስነካው ወዲያው ይነጣል፣ ግን የሠሪው ማኅተም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ብረቱን አቼቶ ውስጥ ዘፍዝፌ፣ በሽቦ ብሩሽ ቀስ እያልሁ ዝገቱን አነሳሁ። እጀታውን የአባቴ መዳፍ አለስልሶታልና ብርጭቆ ወረቀት አላስነካሁትም፤ የተልባ ዘይት ብቻ አጠጣሁት። ክረምቱን ሙሉ ፈጀብኝ።

ታናሽ ወንድሜ ሐይቁ ዳር የእንግዳ ማረፊያ ያስተዳድራል። እኔ ሥራ ላይ እያለሁ መጥቶ ወሰደው። በሳምንቱ ብሄድ መመገቢያ አዳራሹ ግድግዳ ላይ በሁለት ብሎን ታስሮ አገኘሁት። እጀታውን በድሪል በስተውታል። ያ አልበቃ ብሎ ቨርኒሽ ቀብተውታል፤ እንደ ከረሜላ ያብለጨልጫል።

ከቦርሳዬ መፍቻ አውጥቼ ወንበር ላይ ወጣሁ።

«እታለም፣ ምን እያደረግሽ ነው?» አለ ወንድሜ እየሮጠ መጥቶ።

«አወርደዋለሁ።»

«እንግዳ ፊት አታዋርጅኝ። እቤት ተቀምጦ ምን ይሠራል? እዚህ ሰው ያየዋል።»

«ሰው እንዲያየው መብሳት ነበረብህ? ማንጠልጠያ ገመድ አጥተህ ነው?»

«አባዬን ጠይቄያቸዋለሁ። ውሰድ ብለውኛል።»

ዓሣ የሚበሉት እንግዶች እጃቸውን ሰብስበው ያዩናል። ሁለተኛውን ብሎን ፈትቼ ጠረጴዛው ላይ ወረወርሁለትና መጥረቢያውን ይዤ ወጣሁ።

እቤት ስደርስ አባቴ በረንዳው ላይ ነበሩ።

«እርስዎ ነዎት ውሰድ ያሉት?»

«አዎ። ብረት ነው፣ ልጄ። ተይለት፣ አትጣሉ።»

«ክረምቱን ሙሉ ስለፋበት እርስዎ አጠገቤ ተቀምጠው ያዩ ነበር እኮ።»

እሳቸው ላይ መጮህ ነውር ስለሆነብኝ ንዴቴን ሁሉ ወንድሜ ላይ አደረግሁት፤ ይህን አውቀዋለሁ፣ አልጸጸትበትምም።

ቨርኒሹን በምላጭ ፋቅሁት። የለሰለሰው የእንጨቱ ገጽ አብሮ ተላጠ፤ ለእሱ መድኃኒት የለውም። ቀዳዳዎቹን ወይራ ጠርቤ ደፈንኋቸው፤ ቢደፈኑም ከሩቅ ይታያሉ። አሁን ፋብሪካው ውስጥ ባለው ሳጥኔ ቆልፌበታለሁ።

ወንድሜ በዓል በመጣ ቁጥር ይደውላል። ስልኩን ለባለቤቴ አቀብለዋለሁ። «እዚህ ነች፣ ግን አታናግርህም» ይለዋል። እንዲያ እንዲለው የነገርሁት እኔ ነኝ።