የባቴ ሥጋ በጠርሙስ

በልጅነቴ እሳት የበላው ባቴ ላይ፣ ጠባሳው ዳር፣ አልድን ያለ ቁስል ወጣ። ጊዜው ደርግ ነበር፤ እኔ ጎንደር አስተምራለሁ። ሐኪሙ አየውና ፊቱ ከበደ። «ካንሰር ነው አላልሁሽም። የቆየ ጠባሳ ግን አንዳንዴ ይለወጣል። የት እንደደረሰ ሥጋው ቢመረመር ይነግረናል» አለኝ። እኔ ካንሰር ከሚለው ቃል በኋላ ጆሮዬ ተደፍኗል።

ከቁስሉ ቆንጥሮ ቆረጠና ፎርማሊን ያለበት ትንሽ ጠርሙስ ውስጥ ከተተው። እንዳይበሰብስ የሚጠብቀው ይኸው ፎርማሊን ነው አለ። መርማሪው አዲስ አበባ ስለሆነ፣ በማግስቱ በአውሮፕላን ለሚሄድ ዘመዴ እስክሰጠው ጠርሙሱ እኔ ቤት አደረ። ልታስታምመኝ ከአይከል የመጣችው እናቴ ክዳኑን ከፍታ ስታሸተው ዓይኗ እንባ አቀረረ። ክዳኑን መልሳ ገጠመችው።

ጠዋት ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ስሄድ አዘዞ ኬላ ላይ አንድ ወታደር ቦርሳዬን በረበረ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የእግሬ ሥጋ ነው፣ ጓድ። ለምርመራ ነው።»

«ክፈችው!»

ኬላ ላይ ውረድ ተብሎ የቀረ ስንት ሰው አውቃለሁ። ከፈትሁት። አፍንጫውን ደቅኖ በረጅሙ ሳበ። አሁን ዓይኑን ሲያቃጥለው መርዝ ይዛለች ይላል፣ አለቀልኝ ብዬ ስጠብቅ ቅንድቡ እንኳ አልተነቃነቀ።

«ውሃ ነው እንዴ? እለፊ።»

አላለፍሁም። ወታደሩን መፍራቴ ጠፍቶ ሌላ ፍርሃት ያዘኝ፤ ፎርማሊኑ የለም፣ ሥጋው ሲበሰብስ አድሯል።

ቤት ተመልሼ ስጠይቃት እናቴ አልካደችም። «ምነው ልጄ፣ ዓይን በሚያቃጥል መርዝ ሥጋሽን ዘፍዝፌ ልተኛ? ደፋሁትና ጠበል ጨመርሁበት። ሸጋ ያደረግሁ መስሎኝ!» ልጮህባት አፌን ከፈትሁ፤ ከኔ ብሳ መደንገጧን ሳይ ተውሁት።

ቁስሉ እንደገና ተቆረጠ። ለሌላ መንገደኛ ልንሰጠው ሁለተኛውን ጠርሙስ እናቴ ራሷ ጉያዋ ሸጉጣ ከእኔ ጋር ኬላውን አለፈች። ውጤቱ እስኪመጣ እህል አልወርድ አለኝ።

«መለወጥ ጀምሯል፤ ግን ከላይኛው ቆዳ አልዘለቀም። ካንሰር አልሆነም» አለ ሐኪሙ።

«ወደፊትስ ይሆናል?»

«ሥጋው የሚነግረን እስከ ዛሬ ያለውን ነው። ዙሪያውን ቆርጠን እናወጣዋለን፤ ከዚያ በኋላ እየተከታተልን መጠበቅ ነው።»

ማታ ለእናቴ ነገርኋት። እንደ ልማዷ ጠበሉን አንስታ ባቴ ላይ ልታፈስ ጎንበስ አለችና እጇ አየር ላይ ቀረ።

«ይሄስ ያበላሽብሽ ይሆን?» አለችኝ በፍርሃት።

እኔም አላውቅም ነበር። እግሬን ዘረጋሁላት።