ከመታጠብ በፊት ያለው ቁጥር

የሶርናም ጣቶች ያለ ዓይን መሥራት ከለመዱ ቆይተዋል። ሁለት እንቡጥ ወደ ቀኝ፣ ሁለት ወደ ግራ፣ ከሙዝ ግንድ በተላጠው ክር አንድ ዙር፣ ሳብ፤ እንደገና ሁለት፣ እንደገና ሁለት። በደቡብ ሕንዷ ማዱራይ ከተማ፣ ከቤተ መቅደሱ ጀርባ ባለው በረንዳ ላይ፣ አርባ ዓመት ጃስሚን ስትጎነጉን ኖራለች። የከተማው ሰው እናቲቱ እያለ የሚጠራት አምላክ ማታ ማታ አንገቷ ላይ የሚጠለቅላት ጉንጉን ከሶርናም ጭን ላይ የሚነሳ ነው። ግራ ዓይኗን የስኳር በሽታዋ አምና ወስዶባታል። ቀኙ ላይ ደግሞ ሞራ ወጥቶበት አበባውም ክሩም አንድ ነጭ ጭጋግ ሆነውባታል።

ዛሬ ግን ጣቶቿም አልታዘዟትም። ከጠዋት ጀምሮ ሦስት ጊዜ ቋጠሮ ስታለች።

«ምነው ሶርናም፣ ዛሬ የምትጎነጉኚው ለእናቲቱ ነው ወይስ ለፍየል?» አለች ከጎኗ ተቀምጣ የምትጎነጉነው አላሙ።

«አፍሽን ያዢ። ከሰዓት በኋላ ውጤት እሰማለሁ።»

ስለ ውጤቱ በረንዳው ሁሉ ያውቃል። የዓይን ሐኪሙ የሶርናምን ሞራ ለመግፈፍ እሺ ብሎ ነበር፤ ግን የቀራት አንድ ዓይን ነው። ስኳሯ ሳይረጋ ቢነካው ቁስሉ አመርቅዞ እሱንም ሊያጠፋው እንደሚችል ነግሯታል። «የሦስት ወሩን የስኳር ምርመራ ከስምንት በታች አድርገው ይምጡ፤ ያኔ ቀን እሰጥዎታለሁ» ብሎ ነው የሸኛት።

ደብተሯ መልካም ነበር። ጠዋት ጠዋት ከእንቅልፏ ስትነሳ ምራቷ ኩዪሊ ጣቷን ትወጋላታለች፣ የስኳር መለኪያው መሣሪያ ያለውን ደብተሩ ላይ ትጽፋለች። መቶ ሠላሳ አራት። መቶ ሃያ ስምንት። መቶ አርባ አንድ። ስድስት ወር ሙሉ አንድም ቀን አልዘለሉም።

ከሰዓት በኋላ የስኳር ሐኪሟ ዶክተር ቫናቲ ደብተሩን ገለጠች፣ የላብራቶሪውን ወረቀት አየች፣ ተመልሳ ደብተሩን አየች።

«ዘጠኝ» አለች።

«ምኑ ነው ዘጠኝ?» አለች ሶርናም።

«የሦስት ወሩ። እማማ፣ ዘጠኝ ማለት ቀኑም ሌቱም ተደማምሮ ስኳርዎ በአማካይ ከሁለት መቶ በላይ ነበር ማለት ነው። ደብተሩ ደግሞ መቶ ሠላሳ ይላል። ማን ነው የሚጽፍልዎት?»

«እኔ ነኝ» አለች ኩዪሊ። ድምጿ ቀጠነ።

«በየቀኑ?»

«በየቀኑ። ጠዋት ጠዋት።»

ሐኪሟ ብዕሯን አስቀመጠች። «ስኳር የቀይ ደም ሕዋስ ላይ ይጣበቃል። ሕዋሱ ደግሞ ሦስት ወር ገደማ ይኖራል፤ በዚያ ጊዜ ያገኘውን ሁሉ ተሸክሞ ነው የሚዞረው። ደብተሩ ጠዋት ደጅ ላይ ቆሞ ሰላም ብሎ የሄደ እንግዳ ነው። ደሙ ግን ቤት ውስጥ ነው የዋለው። ምሳ ከበሉ በኋላ ሁለት ሰዓት ቆይታችሁ ለኩና አምጡልኝ።»

ሶርናም ራሷን ነቀነቀች። እንደማታደርገው ግን ያኔውኑ ታውቅ ነበር።

አውቶቡስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ድልድዩን ሲሻገሩ ሶርናም ፊቷን ወደ መስኮቱ እንዳዞረች፣ «ደስ እንዲለኝ ብለሽ ቀንሰሽ ትጽፊልኝ ነበር እንዴ?» አለች።

እቤት ሲገቡ ኩዪሊ መሣሪያውን ከመደርደሪያ አውርዳ ቁልፉን እየተጫነች፣ በሆዱ ያስቀመጠውን ቁጥር ሁሉ ከነቀኑ ታነብላት ጀመር። ከደብተሩ ጋር አንድ በአንድ ገጠመ። ሃያኛው ላይ ሲደርሱ ሶርናም፣ «ይበቃል። በድዬሻለሁ» አለች።

«ይቅርታውን ይተዉት። ነገ ከምሳ በኋላ ጣትዎን ይስጡኝ።»

«እሱ አይሆንም።»

«ለምን?»

«ታጥቤ፣ ለእናቲቱ መብራት ለኩሼ፣ አበባዋን ይዤ ስውል?»

ኩዪሊ ያኔ ገባት። በዚያ ቤት ማንም ከታጠበ በኋላ ደም አያፈስስም። ደም የነካው ሰው እንደገና ገላውን ሳይታጠብ የእናቲቱን አበባ አይነካም። ስለዚህ መርፌዋ ሁልጊዜ ከመታጠብ በፊት፣ በባዶ ሆድ ነበረች። ይህን ለሐኪሟ የነገራት የለም፤ መነገር ያለበት ነገር መሆኑንም ያሰበ አልነበረም።

«ዓይንዎ ከጠፋ ማን ይጎነጉንላታል?» አለች ኩዪሊ።

«አንቺ ሴት፣ ከእናቲቱ ጋር አታጣዪኝ።»

አራት ቀን እንዲሁ አለፈ። መሣሪያው መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ሁለቱን ያያል፤ ሁለቱ ግን አይተያዩም። ሶርናም ሩዟን በልታ በረንዳዋ ላይ ትወጣለች። ከሰዓት በኋላ ጭጋጉ የሚበረታባት መሰላት፤ እንደዚያ የመሰላት በፍርሃት ይሁን በእውነት መለየት አልቻለችም።

በአምስተኛው ቀን ረፋድ ላይ የቤተ መቅደሱ አገልጋይ ጠዋት የጎነጎነችውን ጉንጉን በቅጠል እንደተጠቀለለ ይዞ መጣ። ጭኗ ላይ አስቀመጠላት። በጣቷ ብትዳስሰው ደህና ነው። አላሙ ጎንበስ ብላ አየችውና ለአንዴም ቢሆን ቀልድ ጠፋባት።

«ጠቁሯል» አለች ቀስ ብላ። «መሐሉ ላይ አራት አምስት የበሰበሰ እንቡጥ ገብቶበታል።»

በአርባ ዓመት ውስጥ ከሶርናም እጅ የወጣ ጉንጉን ተመልሶ አያውቅም። ለእናቲቱ የበሰበሰ አበባ መስጠት ከደሙ ይብሳል ወይስ አይብስም? እስከ ምሳ ድረስ ይህን ስታወጣ ስታወርድ ቆየች። ምሳ ከበላች ሁለት ሰዓት ሲሞላት ከተቀመጠችበት ተነሥታ ገባች።

«ኩዪሊ፣ መርፌዋን አምጪ። አንድ ባልዲ ውኃም ቅጂልኝ።»

መሣሪያው ሦስት መቶ አሥራ ስምንት አለ።

«የአበባው ማር ጣቴ ላይ ቀርቶ ይሆናል» አለች ሶርናም። እጇን በሳሙና ታጠበች፣ አደረቀች፣ ሌላ ጣት ሰጠች። ሦስት መቶ አሥራ አንድ።

ሁለቱም ቁጭ አሉ። «ምን በላሁ? ሩዝ ነው። ምስር ነው።»

«ከቤተ መቅደስ የመጣልዎትስ ጣፋጭ ሩዝ?»

«እሱ እኮ ምግብ አይደለም። የእናቲቱ ስጦታ ነው።»

«እማማ፣ ስኳሩ ይህን አያውቅም።»

ሶርናም ገላዋን እንደገና ታጥባ፣ ፀጉሯ ውኃ እያንጠባጠበ ወደ በረንዳው ተመለሰች።

«በቀን ሁለቴ?» አለች አላሙ። «በስተርጅና ባል አገኘሽ እንዴ?»

«አዎ። ስሙ ሦስት መቶ አሥራ አንድ ይባላል።»

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ሁለቴ ታጠበች። ሐኪሟ አዲሱን ቁጥር አይታ ከምሳ ጋር የሚዋጥ ክኒን ጨመረችላት። ሩዙ ወደ አንድ ጭልፋ ወረደ፣ ምስሩና አትክልቱ በዛ። የእናቲቱን ስጦታ አልተወችም፤ ለበረከት ዓይኗን አስነክታ፣ በጣቷ ጫፍ ቀምሳ የቀረውን ለኩዪሊ ትሰጣለች። ከምሳ በኋላ በምራቷ ክንድ ተደግፋ የቤተ መቅደሱን ግንብ ትዞራለች። ሁለት መቶ ስድሳ። ሁለት መቶ አሥራ አራት። መቶ ሰባ ስምንት። በዘመድ ሠርግ ማግስት ሁለት መቶ ዘጠና ወጣ፤ ኩዪሊ ብዕሯን አንሥታ ስታመነታ ሶርናም፣ «ጻፊው። ደሙ አይረሳውም» አለቻት።

ሦስት ወሩ ሲሞላ እንደገና ሐኪሟ ፊት ተቀመጡ። የኩዪሊ ደብተር አሁን ሁለት ረድፍ ነበረው፤ ከመታጠብ በፊት፣ ከምሳ በኋላ። ዶክተር ቫናቲ ሁለቱንም ረድፍ በጣቷ እየተከተለች እስከ ታች ወረደች። ከዚያ የታጠፈውን ወረቀት ዘረጋች። ሶርናም ማየት ስለማትችል የኩዪሊን ትንፋሽ ታዳምጥ ነበር። ትንፋሹ ቆመ።

«ሰባት ነጥብ ስምንት» አለች ሐኪሟ። «አሁን ደብተሩና ደሙ አንድ ቋንቋ ይናገራሉ።»

«ከስምንት በታች ነው?»

«በጥቂት፣ ግን በታች ነው።»

ሶርናም የኩዪሊን እጅ ፈልጋ አገኘችና ቋጠሮ እንደምታጠብቅ አድርጋ ያዘችው።

የዓይን ሐኪሙ ሞራውን ሊገፍላት ለረቡዕ ቀጥሯታል። እስከዚያው ጭጋጓ ውስጥ ሆና ትጎነጉናለች፤ እያንዳንዱን እንቡጥ አላሙ አይታ ታቀብላታለች። ረቡዕ ምን እንደሚሆን አይታወቅም። ሶርናም ግን ይህን ለምታነቡ አንድ ልመና አላት፤ ስኳር ያለባት እናት ቤታችሁ ካለች ደብተሯን ግለጡት። ቁጥሩን ለጊዜው ተዉትና መጀመሪያ የተለካበትን ሰዓት እዩላት።