ሁለቱ ሞክሼ ካርዶች

አይናዲስ ያን ሐሙስ መቀመጥ አልሆነላትም። ከኮምፒውተሯ ተነሥታ ደጅ ትወጣለች፤ ደጅ ቆማ ስልኳን ታያለች፤ ስልኳን ኪሷ ከትታ ተመልሳ ትገባለች። አከራይዋ እትዬ ፋንታነሽ በረንዳቸው ላይ ምስር እየለቀሙ ሲታዘቧት ቆዩና፣ «አንቺ ልጅ፣ ምጥ የያዘሽ እኮ ነው የምትመስይው!» አሏት።

«ምጥማ ወልደው ይገላገሉታል እትዬ፤» ብላ አለፈቻቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አይናዲስ ደብረ ማርቆስ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ባለች አንዲት ክፍል የሠርግ ቪዲዮ የምታቀናብር ሴት ናት። በዚህ ሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። በ2013 ዓ.ም. የካቲት ላይ፣ ሠርገኛው ሁሉ ጾም ሳይገባ ልድረስ እያለ በሚጋፋበት ሰሞን፣ የኮምፒውተሯ ግራፊክስ ካርድ ተቃጠለባት። ያለ ካርዱ ኮምፒውተሩ ይበራል እንጂ ፊልሙን አይገፋውም፤ ሙሽራዋ አንድ እግሯን አንሥታ ሳታሳርፍ ምስሉ ቀጥ ይላል። እሑድ ደግሞ ደምበጫ ላይ የእህል ነጋዴው የጋሽ ንጉሴ ልጅ የሔዋን ቅልቅል አለ። የሁለቱም ወገን ዘመድ በተሰበሰበበት ፊልሙን በትልቁ አሳያችኋለሁ ብላ አፏን ሞልታ ቃል ገብታለች።

ቃል መግባቷ ባልከፋ። አምና ደብረ ኤልያስ ላይ እንዲሁ ቃል ገብታ፣ ፊልሙ ከቅልቅሉ በሦስት ሳምንት ዘግይቶ ደረሰ። እንግዶቹ ፊልም ሊታይበት የተወጠረ ባዶ ነጭ ጨርቅ እያዩ በልተው ጠጥተው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ «የጨርቋ ልጅ» የሚል ስም ወጥቶላታል። ጋሽ ንጉሴም ሥራውን ሲሰጧት «ጨርቅ እንዳታሳይን ብቻ» ብለው ሳቁ። እሳቸው ስቀው ረሱት፤ እሷ ሆድ ውስጥ ግን ቀረ። ሁለተኛ ከተደገመ በዚህ አገር የሠርግ ቪዲዮ የሚሰጣት ሰው አይኖርም።

ካርዱ መታመም ከጀመረ አራት ወሩ ነበር። አራቱን ወር ሙሉ አይናዲስ ስታነጻጽር ነው የከረመች። ቺፑ፣ ማለትም የካርዱ አንጎል፣ ከአንድ ኩባንያ ይወጣል፤ ሌሎች ኩባንያዎች ደግሞ ያንኑ ቺፕ እየወሰዱ በየራሳቸው ሰሌዳ ላይ ይተክሉታል፣ ማራገቢያ ይገጥሙለታል፣ ስማቸውን ይለጥፉበታል። አሱስ አለ፣ ኤምኤስአይ አለ፣ ጊጋባይት አለ፣ ዞታክ አለ። ባለ አንድ ማራገቢያ፣ ባለ ሁለት ማራገቢያ። ይህን ሁሉ በደብተር ጽፋ፣ ሰርዛ፣ እንደገና ጽፋለች። አንዱን ልትገዛ ቆርጣ ስትነሣ፣ ኢንተርኔት ላይ የማታውቀው ሰው «እሱ ድምፁ ይረብሻል» ብሎ ጽፎ ታገኛለች፤ ትተወዋለች። ሌላው «ያኛው ይግላል» ይላታል፤ እሱንም ትተወዋለች። ዋጋው እንደሆነ እሷን አልጠበቀም።

አሁን ግን ጊዜው አለቀ። የአክስቷ ልጅ አስማማው ሚኒባሱን ይዞ አዲስ አበባ ነው፤ ነገ ጎሕ ሲቀድ ወደ ማርቆስ ይነሣል። ካርዱን የሚገዛላት እዚያው አዲስ አበባ ካለ ሱቅ ነው፤ ሱቁ የሚዘጋው ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው፤ አሁን ዘጠኝ ሆኗል። ሻጩ ዘንድ የቀሩት ሁለት ካርዶች ብቻ ናቸው። ሁለቱም «ዐሥራ ስድስት ሃምሳ» ይባላሉ፤ ሁለቱም ባለ አራት ጊጋ ሜሞሪ ናቸው። አንዱን የሠራው ስመ ጥር ኩባንያ ነው፤ ሌላውን የሠራው ኩባንያ ግን አይናዲስ ስሙን እንኳ አስተካክላ የማትጠራው ነው። ስመ ጥሩው ወደድ ይላል።

ኮሌጅ ውስጥ ኮምፒውተር ለሚጠግነው ለየኋላሸት ደወለች። እሱ ማመንታት አያውቅም።

«ስመ ጥሩውን ውሰጂ። አለቀ።»

«ሁለቱም አንድ ከሆኑ ለስም ብዬ ለምን እከፍላለሁ?»

«አይናዲስ፣ አራት ወር ሙሉ ይሄንኑ ነው የጠየቅሽኝ። እኔ በዚህ ጊዜ ውስጥ እጮኛ ይዤ፣ ተጣልቼ፣ ታርቄያለሁ።»

«አትቀልድ፤ መልስልኝ።»

«አምራቹን እመኚ ነው የምልሽ። የሜሞሪውንም ፍጥነት እይ። ቺፑን ወፍጮ ነው በይው፤ ሜሞሪው እህሉን የሚያቀብለው ሰው ነው። ወፍጮው ምን ቢፈጥን፣ አቀባዩ ዘገምተኛ ከሆነ ዱቄት የለም።»

«ሁለቱም ዐሥራ ስድስት ሃምሳ ናቸው አልሁህ፤ ፍጥነታቸውም ያው ነዋ!»

«መሆን አለበት፤» አለ።

ያቺ «መሆን አለበት» ናት አይናዲስን እንደገና ደጅ ያወጣቻት።

እትዬ ፋንታነሽ ሰፌዳቸውን አስቀመጡ። «ነይ እስቲ፤ ምንድን ነው እንዲህ የሚያንቆራጥጥሽ?» አሏት። እሳቸው ጡረታ እስኪወጡ በአንድ ወረዳ ፍርድ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበሩ፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰውን በስሙ ከመዝገብ ሲፈልጉ የኖሩ ሴት ናቸው። አይናዲስ አልተቀመጠችም፤ ምሰሶውን ተደግፋ ነገረቻቸው። ስማቸው አንድ ነው፣ የሠሯቸው ግን ይለያያሉ፣ የቱ እንደሚሻል ግራ ገባኝ አለች።

«ሞክሼዎች ናቸዋ!» አሉ እትዬ።

«እንደዚያ ይበሏቸው።»

«እንግዲህ ሞክሼ ከሆነ እኔን ጠይቂኝ። አንድ ጊዜ አበባው አለሙ የሚባል ሰው በመሬት ተከሰሰና መጥሪያ ተላከለት። መጥሪያው ሌላ አበባው አለሙ ዘንድ ደረሰልሽ! ምስኪን በማያውቀው መሬት ሦስት ቀጠሮ ተመላለሰ። ዳኛው ‹የአያትህ ስም ማን ነው?› ቢሉት ጊዜ ነው የተገላገለ።» ሳቁና ጣታቸውን ወደሷ ቀሰሩ። «ስሙን ብቻ ይዘሽ አትሂጂ። የአባቱን ጠይቂ፤ አልለይ ካለሽ የአያቱን።»

«ኧረ እትዬ፣ ዕቃ እኮ ነው!»

«ዕቃስ ቢሆን ሙሉ ስም የለውም? ካርቶኑ ላይ ይጻፍ የለም ወይ?»

አይናዲስ ሳቀች፤ ወዲያው ግን ሳቋ ጠፋ። ገብታ ደብተሯን ገለጠች። ስለ ማራገቢያው፣ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ድምፁ ገጽ ሙሉ ጽፋለች። «የሜሞሪ ፍጥነት» በሚለው ዓምድ ግን ከላይ እስከ ታች አንድ ቁጥር ነው የሞላችው፤ ስምንት፣ ስምንት፣ ስምንት። ከአንዱ ካርድ ገልብጣ፣ ስማቸው አንድ ስለሆነ ለሁሉም ያደለችው ነው።

ሻጩ ጋ ደወለች። ዐሥር ሰዓት ተኩል ሆኗል።

«የሁለቱንም ካርቶን ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ፤ የፊቱንም የጀርባውንም።»

«እህቴ፣ ካርድ ነው የምትገዢው ወይስ ባል?»

«ባልማ በአንድ ቀን ነው የመረጥሁት።»

«እሱስ እንዴት ሆነልሽ?»

«ለዚህ ነዋ ፎቶ የምጠይቅህ!»

ሻጩ እየሳቀ ዘጋ። ፎቶው ሲመጣ በኔትወርኩ እየተጎተተ ነው፤ ከላይ ወደ ታች፣ ቀስ በቀስ። የስመ ጥሩው ካርቶን የሜሞሪውን ዓይነት «ጂዲዲአር አምስት» ይላል። የዚያ ስሙ የማይጠራው «ጂዲዲአር ስድስት» ይላል። አይናዲስ ፍጥነታቸውን ኢንተርኔት ላይ ፈለገች፤ ባለ አምስቱ ስምንት ጊጋቢት በሴኮንድ፣ ባለ ስድስቱ ዐሥራ ሁለት። ስማቸው አንድ፣ ሜሞሪያቸው ሁለት፤ ያውም ፈጣኑ ርካሹ!

«ርካሹን ጠቅልልልኝ፤ አሁኑኑ ብር አስገባለሁ!» አለች ለሻጩ መልሳ ደውላ።

«እህቴ... እሱን ፎቶውን ልልክልሽ ስል አንድ ልጅ መጥቶ ወሰደው። ካሽ ይዞ ነው የመጣ። አንቺን እስከ መቼ ልጠብቅ?»

«መቼ ነው የወሰደው?»

«ዐሥር ደቂቃ ቢሆነው ነው። ማክሰኞ ሌላ ይገባል፤ ከታገሥሽ አስቀምጥልሻለሁ።»

አይናዲስ ስልኩን ይዛ ግቢውን ዞረች። ማክሰኞ! ማክሰኞማ እሑድ አልፎ፣ እንግዳው ተበትኖ፣ ወሬው ማርቆስ ደርሶ ነው። ሌሎች ሁለት ሱቆች ጋ ደወለች፤ አንዱ የለም አለ፣ አንዱ አላነሣም። ዐሥራ አንድ ሰዓት አለፈ። አስማማው ደግሞ በየመሀሉ ይደውላል። «ኧረ አንቺ ሴት፣ ሱቁ ደጅ ተገትሬያለሁ፤ ልውሰድ አልውሰድ?»

«የቀረው አይሠራም?» አሉ እትዬ ፋንታነሽ።

«ይሠራል፤ ያኛውን አያህልም እንጂ።»

«ለእሑድ አያደርስሽም?»

አይናዲስ አራት ወር ሙሉ የቱ ይበልጣል ስትል ነበር እንጂ፣ ይበቃኛል ወይ ብላ ራሷን ጠይቃ አታውቅም። እዚያው ቆማ በጣቷ ቆጠረች፤ ቅዳሜ ጠዋት ከጀመረ፣ መብራት ካልጠፋ፣ እስከ ማታ... «ያደርሰኛል፤» አለች፤ ድምፅዋ ግን የተናደደ ሰው ድምፅ ነበር። ለዐሥራ ሁለት ሃያ ጉዳይ ሲሆን ብሩን ላከች።

ዓርብ ከሰዓት አስማማው ካርቶኑን ታቅፎ ገባ። «እንደ አራስ ልጅ ጋቢና አስቀምጬ ነው ያመጣሁት፤ ተሳፋሪ እንኳ አላስነካሁም።» የኋላሸት መጥቶ ገጠመላት። ቅዳሜ ጠዋት ፊልሙን ለቀቀችው፤ ሥራው የት እንደ ደረሰ የምታሳየው አረንጓዴ መስመር ስክሪኑ ላይ ጥቂት ጥቂት እያለች መራመድ ጀመረች። አይናዲስ አጠገቧ ቆመች።

«በዚያኛው ቢሆን አሁን ስንት ላይ ይደርስ ነበር?» ብላ ደወለች ለየኋላሸት።

«አይናዲስ፣ በማርያም ዝም በይ።»

ቀትር ላይ መብራቱ አንዴ ብልጭ አለና ልቧን ይዟት ሄደ፤ አልጠፋም። ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ መስመሯ ጫፍ ደረሰች።

እሑድ ደምበጫ፣ ከጋሽ ንጉሴ ግቢ ድንኳን ሥር፣ ሔዋን በስክሪኑ ላይ ከመኪና ስትወርድ ቤተ ዘመዱ እልል አለ። አይናዲስ ከኋላ ቆማ ትንፋሿን ይዛለች። ሙሽራዋ እግሯን አነሣች፤ አሳረፈች፤ ምስሉ ሳይቆም ወደ ፊት ሄደ። የሔዋን አጎት እስክስታ ሲወርድ ሰዉ «ድገሚው! ድገሚው!» ብሎ ጮኸ፤ ሦስት ጊዜ ደገመችላቸው። አጎትየው በአራተኛው ራሱ ተነሥቶ ከስክሪኑ ፊት ይወርድ ጀመር።

ጋሽ ንጉሴ በሰው መሀል እየተጋፉ መጡ። «የታናሿ ሠርግ ለዳግም ትንሣኤ ነው፤» አሏት በጆሮዋ፤ «ሌላ ሰው ሳይቀድመን ቀኑን ያዢልን።»

አይናዲስ ቦርሳዋን ፈተሸች፣ ኪሷን ዳበሰች፤ መጻፊያ የለም። «ብዕር ያለው?» አለች ወደ ሰዉ ዞራ። ሦስት ሰው ባንዴ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ፤ አይናዲስ ቀድሞ የደረሰላትን ብዕር ተቀብላ ቀኑን ጻፈች።