ሦስት ክንድ ደረጃ

ልጆቼ «አባታችን ደረጃ ይወዳል» እያሉ ያሙኛል። እውነታቸውን ነው። ፒያሳ ወጣ ብዬ አንድ የመንግሥት ቤት ፊት ለፊት ስቆም፣ ሌላው ሰው ግርማውን፣ ዓምዱን፣ ሰዓቱን ሲያደንቅ እኔ ዓይኔ መሬት መሬቱን ነው የሚሄደው። ደረጃውን አያለሁ። ሁለት ሰው ጎን ለጎን ያስወጣል ወይ? ባዶ እግሩን የመጣ ሽማግሌ ይንሸራተትበታል ወይ? እንዲህ እያልኩ በዓይኔ እለካለሁ፤ አንዳንድ ጊዜም ዘበኛው «አባባ፣ የጠፋዎት ነገር አለ?» ይለኛል።

ይህ አመል የያዘኝ ገና ወጣት ሳለሁ፣ ጠላት አገራችን ከመግባቱ በፊት፣ አራዳ ውስጥ ግንበኛ በነበርኩበት ጊዜ ነው። ትምህርቴ ብዙ አይደለም። ፊደል ቆጥሬ ወደ ዳዊት ሳልገባ መዶሻና መሮ ያዝኩ። ስለዚህ የምጽፈው እንደማወራው ነው፤ አንባቢ ይታገሠኝ።

ያን ጊዜ አብዛኛው ዳኝነት ሜዳ ላይ ነበር። ዳኛው ምንጣፍ ላይ ይቀመጣሉ፣ ተከራካሪዎቹ ፊት ለፊት ይቆማሉ፣ መንገደኛው ከብቦ ይሰማል፤ ዝናብ ሲመጣ ሁሉም ይበተናል። የዛሬ ልጆች የማያውቁት ቁራኛ የሚባል ነገርም ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ አንዱ ከአንዱ እንዳያመልጥ የነጠላቸው ጫፍና ጫፍ ተቋጥሮ፣ ፍርድ እስኪያገኙ አብረው ይውላሉ፣ አብረው ያድራሉ። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ አህያ ሰርቀሃል ተብዬ ከአንድ እንጨት ነጋዴ ጋር ተቆራኝቻለሁ። ከአንድ ገበታ በላን። እሱ ባስነጠሰ ቁጥር እኔ እደነግጣለሁ። ሜዳ ልውጣ ሲል ደግሞ... እሱስ ይቅር። በሦስተኛው ቀን አህያይቱ በራሷ እግር ወደ ቤቷ ስለገባች ተፈታን።

እንግዲህ ከጊዮርጊስ ወደ ድልድዩ ቁልቁል ሲወረድ፣ ለዳኝነትና ለጽሕፈት የሚሆን የመንግሥት ቤት ይሠራ ጀመር። ባለ አንድ ፎቅ ነው። ታቹ ጥቁር ድንጋይ በኖራ፣ ላዩ እንጨት፣ ክዳኑ ቆርቆሮ፤ ዙሪያውን ሰገነት አለው። አናጢዎቹ የሰገነቱን ጠርዝ እንደ ጥልፍ ፈልፍለውት ነበርና፣ ፀሐይ ስትመታው ጥላው ግንቡ ላይ ያርፍ ነበር። ከገበያ የሚመለስ ሰው ሸክሙን አውርዶ ያየዋል። የአራዳ ሰው መቼም አያርፍ፣ «መንግሥት ሽቅብ ወጣ፤ ከእንግዲህ ለመካሰስም ክንፍ ያስፈልጋል» እያለ ይሳሳቅ ነበር።

የላዩ ክፍል ቀድሞ አለቀና ክረምት ሲደርስ ዳኛው ገቡበት። መውጫው ግን ገና ስላልተሠራ፣ ለጊዜው ከቤቱ ጀርባ የእንጨት መሰላል ቆመ። ክረምቱን ሙሉ ድንጋይ እየጠረብኩ የማየው ያን መሰላል ነበር። የተቆራኙ ሰዎች ይመጣሉ። አንደኛው ይቀድማል፤ ሁለተኛው ከሥር አንገቱን በነጠላው እየተጎተተ ይከተላል። አንዱ ሲያዳልጠው ሁለቱም ይንጠለጠላሉ። አንድ ቀን የአንድ ሽማግሌ ነጠላ መሐል ለመሐል ተተረተረና፣ ሰውዬው ዳኛው ፊት የቀረቡት በግማሽ ልብስ ነው። ከሳሻቸው እንኳ አፍሮ የራሱን ገለጥ አድርጎ አለበሳቸው።

መስከረም ሲጠባ የፊት ለፊቱ የድንጋይ ደረጃ ሥራ ለእኔ ተሰጠኝ። እስከዚያ ድረስ የሠራሁት ግንብ ሁሉ በሌላ ሰው ስም የሚጠራ ነበር። ይህ ግን የእኔ ነው። ካማረ ሥራ በሥራ ላይ ይመጣልኛል፤ ከተበላሸ ግን በአራዳ ማንም ድንጋይ አያስነካኝም። ይህን አውቀዋለሁ።

ንድፉን ያወጣው ፈረንጅ መሐንዲስ በባቡር ወደ ድሬዳዋ ወርዶ ነበርና፣ ወረቀቱ በሥራው ሹም እጅ ነበር። ሹሙ ክፉ ሰው አልነበሩም። ማንበብና መጻፍ የሚያውቁ፣ ጥንቁቅ፣ ያን ወረቀት በቆዳ ጠቅልለው እንደ ታቦት የሚይዙ ሰው ናቸው። ዘርግተው አሳዩኝ። ደረጃው በግራና በቀኝ ግንብ ተይዞ ይወጣል፤ ስፋቱ አንድ ክንድ ከስንዝር።

«ጌታዬ፣ ይሄ ጠበበ» አልኳቸው።

«ለማን ነው የሚጠበው?»

«ለተቆራኘ ሰው።»

«ወረቀቱ ላይ የተቆራኘ ሰው የለም።»

«ወረቀቱ ላይስ የለም፤ ግቢው ግን ሞልቷል።»

ሳቁ። «አንተ፣ ሀ ሁን ሳትጨርስ የመሐንዲስ ወረቀት ልታርም ነው? በል እንደተጻፈው ሥራ!» ብለው ጠቀለሉት። በማግስቱ ጥድ ለማስቆረጥ ወደ መናገሻ ሄዱ።

እንዴት ልበላችሁ፣ ረስቼ ነው ብዬ አልዋሽም። ገመዴን ስዘረጋ እጄ አንድ ክንድ ከስንዝር ላይ አልቆም አለ። ሁለት አለፈ። ሦስት ክንድ ላይ ችካል መታሁ። አብሮኝ የሚሠራ አንድ ጠራቢ ነበር፤ ከጉራጌ አገር የመጣ፣ እጁ ወርቅ የሆነ፣ አፉም የማያርፍ። ችካሉን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ፊቱን ወደ ጊዮርጊስ አዞረ።

«ምነው?» አልኩት።

«ሹሙ ሲመጡ እኔ አላየሁህም። እንዲያውም ከነጭራሹ አላውቅህም።»

ይህን ብሎ መዶሻውን አነሣና እንደ እኔው በሦስት ክንድ ይጠርብልኝ ጀመር።

አሥራ አራት እርከን አወጣን። የእያንዳንዱን ከፍታ ዝቅ አደረግሁት፤ ሽማግሌ ጉልበቱን ሳይዝ እንዲወጣው ብዬ ነው። የድንጋዩን ፊት ለስላሳ አላደረግሁም፤ በመሮ ነካ ነካ አድርጌ ሻካራ ተውኩት፣ እግር እንዲይዝ። በገመድ የተንጠለጠለ ቱምቢ ጥዬ ቀጥ ማለቱን፣ በውሃ ልክም መተኛቱን እያየሁ፣ አንዱን እርከን ሦስት ጊዜ ነቅዬ የተከልኩበት ቀን አለ። ሰገነቱ ጋ ሲገጥም ቢላዋ እንኳ በመሐሉ አያስገባም። ወርጄ ከመንገዱ ማዶ ቆሜ አየሁት። ቤቱ እስከዚያ ቀን ድረስ አፍ የሌለው ሰው ይመስል ነበር፤ አሁን አፍ አወጣ። ምን ልበል፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ሹሙ የተመለሱት በሦስተኛው ሳምንት፣ ባለጉዳይ ግቢውን በሞላበት ጠዋት ነው። ከበቅሏቸው ወርደው ታችኛውን እርከን ለኩ። ላይኛውንም ለኩ። ከዚያ መሐሉ ላይ ተቀመጡ።

«ምን አደረግኸኝ?» አሉኝ ቀስ ብለው።

«ጌታዬ፣ ባለጉዳዩን አይቼ...»

«ባለጉዳዩን! መሐንዲሱ ሲመጣ የሚጠየቀው ማን ነው? አንተማ መዶሻህን ይዘህ ትሄዳለህ። ወረቀቱን ተቀብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ። አፍርሰው።»

«አላፈርሰውም።»

«እንግዲያውስ እኔው አፈርሰዋለሁ። አንተም ከዛሬ ጀምሮ በአራዳ ድንጋይ እንዳትነካ!» ብለው ተነሡና ግንቡ ላይ ተደግፎ የነበረውን ዲጂኖ አነሡ። ጫፉን ከላይኛው እርከን ሥር ሊሰኩ ከፍ ሲያደርጉት ጮኽኩ።

«በሕግ አምላክ!»

ያን ጊዜ ይህን ቃል የሰማ ሰው ጉርሻ አፉ አጠገብ አድርሶ ቢሆን እንኳ አይጎርስም። ሹሙ ዲጂኖውን እንደ ሰቀሉ ቀጥ አሉ። ወዲያው ሰዉ ከበበን። በደንቡ የመጀመሪያው መንገደኛ ዳኛ መሆን አለበትና፣ ጥላቸውን ዘርግተው ከጊዮርጊስ የሚመለሱ አንድ ሽማግሌ ፊት ሄጄ ተደፋሁ።

«አባቴ፣ ዳኛ ይሁኑን!»

ሽማግሌው ጥላቸውን አጠፉ። ሹሙ ወረቀቱን ዘርግተው ተናገሩ፤ እኔም የሆነውን ሁሉ ተናገርኩ። ሰውዬው ደረጃውን ከታች እስከ ላይ አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ልጆቼ፣ በመንግሥት ድንጋይ ላይ እኔ መንገደኛው አልፈርድም። ዳኛው እዚሁ ከራሳችን በላይ ተቀምጠዋል። ተቆራኙና ውጡ።»

የሹሙን ባለ ጥበብ ነጠላ ጫፍ ከእኔ ኖራ ከጠጣ ነጠላ ጋር በገዛ እጃቸው ቋጠሩት። «ዋስህ ማነው?» ሲሉኝ ዙሪያዬን አየሁ። ያ አላውቅህም ያለኝ ጠራቢ እጁን ከፍ አድርጎ፣ «እኔ ነኝ፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ነው የማውቀው!» አለ። የተዋወቅነው በሰኔ ነበር። ለሹሙም ከባለጉዳዮቹ አንዱ ዋስ ሆነላቸው።

ሹሙ ግን በአዲሱ ደረጃ አልረግጥም አሉ። «ከእንግዲህ የምከሰውን ነገር አልረግጥም» ብለው ወደ ኋላ፣ ወደ መሰላሉ ጎተቱኝ። እሳቸው ቀደሙ፣ እኔ ተከተልኩ። ሦስተኛው መወጣጫ ላይ ነጠላው አንገቴን ያዘኝ። እኔ ስቆም እሳቸው ወደ ኋላ ተሳቡ፤ አንድ እግራቸው አየር ላይ ቀረ።

«ልቀቀኝ!» ይላሉ።

«ጌታዬ፣ የያዝኩዎ እኔ አይደለሁም፤ ሕጉ ነው!»

ከታች ያለው ሰው በሳቅ ፈረሰ። «ግንበኛው ሹሙን እንደ ድንጋይ ሊያወርዳቸው ነው!» ይላል አንዱ። «ተዋቸው፣ ኖራው እስኪደርቅ ይቆዩ!» ይላል ሌላው። እኔ አልሳቅሁም። መሰላሉ ሲንቀጠቀጥ ሹሙ መወጣጫውን በሁለት እጃቸው እቅፍ ሲያደርጉት አያለሁ፤ አዘንኩላቸው። ወገባቸውን ይዤ አወረድኳቸው።

ሽማግሌው «እንግዲህ በየት ነው የምትወጡት?» ብለው ጠየቁ።

ሹሙ ዞረው ወደ ፊት ለፊቱ ሄዱ። የመጀመሪያውን እርከን ረገጡ። እኔም ከጎናቸው ረገጥኩ። ትከሻ ለትከሻ ሆነን፣ ቋጠሮው በመካከላችን ላላ ብሎ እየተወዛወዘ፣ አሥራ አራቱንም ወጣን። ዋሶቻችን ደግሞ ከኋላችን ጎን ለጎን ተከተሉ። ያን ጊዜ በእግሬ ሥር የነበረውን ያን ድንጋይ ዛሬም እግሬ ያውቀዋል።

ዳኛው ሰገነቱን ተደግፈው ሁሉን ሲያዩ ኖረዋል።

«ጉዳያችሁ ምንድን ነው?» አሉ።

«ደረጃው ከወረቀቱ ሰፍቷል፣ ይፍረስ ብዬ ነው» አሉ ሹሙ።

«በየት ወጣችሁ?»

ሹሙ መሬት መሬት አዩ። «በሱው ነው፣ ጌታዬ።»

ዳኛው ከሰገነቱ አዘቅዝቀው ተጣሩ። «እናንተ ስለ አጥር የመጣችሁት! እስቲ በአዲሱ ውጡ!» ሁለት የተቆራኙ ጎረቤታሞች መጡ፤ አንዱ እንደ ጎተራ የሰፋ፣ አንዱ እንደ ዘንግ የቀጠነ። ከታችኛው እርከን እስከ ላይኛው እየተጨቃጨቁ ወጡ። «ድንበሩ ዋርካው ጋ ነው!» «ዋርካውን አያትህ ናቸው ያዛወሩት!» «ዋርካ ይዛወራል እንዴ?» አንድ ጊዜ እንኳ አልቆሙም። ዳኛው ፊት ሲደርሱ ትንፋሻቸው ሙሉ ነበር።

ዳኛው በጣም ሳቁ። ከዚያ ፊታቸውን አጥቁረው ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ ግንበኛ፣ ሁለተኛ ሳታስፈቅድ ከወረቀት ብትወጣ እኔው ነኝ የምቀጣህ።»

«እሺ ጌታዬ።»

«እርስዎም» አሉ ለሹሙ፣ «መሐንዲሱ ሲመለስ እኔ ዘንድ ያምጡልኝ። የሚጠየቀው ዳኛው ነው ይበሉት። ደረጃው ይቁም!»

ከሥር ያለው ሰው ሰምቶ ኖሮ እልልታው ግቢውን ሞላው። ገበያ የሚሄዱ ሴቶች ከመንገድ ተቀበሉት፤ ምን እንደሆነ እንኳ አላወቁም። ሰዉ እየሮጠ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ እንደገና ይወጣል። ጉዳይ የሌለው ሁሉ ጉዳይ ያለው ይመስል አሥራ አራቱን እርከን ሞላው። እኔና ሹሙ መፈታቱን ረስተን እንደ ተቋጠርን በመካከላቸው ወረድን፤ ጠራቢው ከፊታችን እየሸለለ መንገድ ያስለቅቃል።

መሐንዲሱ ኋላ መጣ። ሜትሩን ዘርግቶ ለካ፤ ገና ሊናገር ሲል አራት የተቆራኙ ሰዎች በጎኑ አለፉ። በአስተርጓሚ አስጠየቀ፣ ተነገረው። እርሳሱን አውጥቶ ወረቀቱ ላይ የነበረውን ቁጥር ሰረዘና ሌላ ጻፈበት። አጠገቤ የቆሙት ሹሙ ጎንበስ ብለው በጆሮዬ፣ «መሐንዲሱ ሦስት ክንድህን ጻፈልህ» አሉኝ።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ሹሙ አጥሩ ጋ ጠሩኝ። የግቢው በር ገና አልተሠራም ነበር። ወረቀቱን ዘረጉና ድንጋይ ጭነውበት፣ እርሳሳቸውን በምላሳቸው አራስ አራስ አደረጉ።

«በሩስ ስንት ክንድ ይሁን?» አሉኝ።

«ባለጉዳይ በቅሎውን ስቦ የሚገባበት ከሆነ አምስት ይበቃዋል ጌታዬ።»

«አምስት» አሉና ጻፉ።