አባቴ በማርያም ቀን ሸማ የሠራ ዕለት

ትናንት ምሳ ላይ ሬዲዮው አንዲት ከተማ ከአንዱ ጦር እጅ ወጥታ በሌላው እጅ መግባቷን ተናገረ። የልጅ ልጄ ምስር ወጡን እያጠቀሰች፣ ዛሬ እነዚህ ነገ እነዚያ ብላ ሳቀች። ተቆጣኋት። ከዚያ ማዕዱ እስኪነሳ ድረስ የእኛን ነገርኳት።

መንግሥት በተቀየረበት የግንቦት ወር የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ቤታችን ሽሮ ሜዳ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ነው፤ አባቴ ሸማኔ ነበር። ካፊያው የባሕር ዛፉን ቅጠል አርሶት መንደሩ ሁሉ እሱን እሱን ይሸታል። የተሸነፉት ወታደሮች በየደጁ እየቆሙ ዳቦና የሲቪል ልብስ ይለምኑ ነበር።

አንዱ እኛ ግቢ ገባ። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። የሰጠሁትን የገብስ ቆሎ ሳያላምጥ ዋጠው። የአባቴን ቡናማ ኮት ለምኖ ለበሰና ጠመንጃውን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ወጣ። ውሰደው ብለን ብንከተለው ዞር ብሎም አላየን።

በማግስቱ አሸናፊዎቹ መሣሪያ ፍለጋ ቤት ለቤት መዞር ጀመሩ። መሣሪያ የተገኘበት ሰው ይረሸናል ተባለ፤ እውነት ይሁን ውሸት ማን ያጣራል? የአባቴ ፊት አመድ መሰለ። ጠመንጃውን በጆንያ ጠቅልሎ፣ ሲሠራ እግሩን በሚያስገባበት የሽመና ጉድጓድ ውስጥ ደበቀው። ከዚያ እላዩ ላይ ተቀምጦ መወርወሪያውን ያመላልስ ጀመር።

ሁለት ሆነው ገቡ። ወንዱ ጓዳ ገብቶ አልጋውን ሲያገላብጥ፣ ሴቲቱ ቆማ አባቴን አየችው። እኩያዬ ናት፤ ቁምጣ ለብሳ፣ ኮንጎ ጫማ አድርጋ፣ ጠመንጃ አንግታለች።

«አባባ» አለች ቀስ ብላ፣ «ዛሬ ማርያም አይደለች እንዴ?»

ለካ ፍርሃት ቀኑን አስረስቶናል። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ በማርያም ቀን ክር ነክቶ አያውቅም። ሌሎቹ ሸማኔዎች በዓሉን አክብረው፣ በሰፈሩ ሁሉ የሚሰማው የእሱ መወርወሪያ ብቻ ነበር። እጁ ድሩ ላይ ደርቆ ቀረ።

አፌ ቀደመኝ። ጠመንጃው ከእግሩ ሥር እንዳለ፣ የሸሸ ወታደር ጥሎት እንደሄደ፣ ኮታችንንም እንደወሰደ ነገርኳት። «አባቴ አልገዛውም፣ አልሰረቀውም። በሰው ጥፋት እሱን ብትወስዱት ግፍ ነው» አልኳት።

«ወታደሩስ በየት ሄደ?»

አውቃለሁ። ዊንጌት አካባቢ አክስት እንዳለችው ቆሎውን እየበላ ነግሮኛል።

«የፈለጋችሁት መሣሪያ ነው። ሰውየው ባዶ እጁን ነው» አልኳት።

 በሆዴ ስለት ተሳልኩ፣ ለማን እንደተሳልኩ እንኳ አላውቅም። ጎንበስ አለችና ጆንያውን ጎትታ አወጣች።

«ይነሱ አባባ፣ በዓልዎን ያክብሩ» አለችው።

መነሳት አቃተው። እሷ አንድ ክንዱን፣ እኔ አንድ ክንዱን ይዘን ከጉድጓዱ አወጣነው።

ይህን ስጨርስ የልጅ ልጄ፣ «አንበሳ ነበርሽ እኮ እማማ» አለችኝ። አልነበርኩም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው እንዲህ ሲለኝ ዝም ብዬ ተቀብያለሁ፤ እሱም ልክ አይደለም። ያቺ ባለጠመንጃ ልጅ አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቃ ተወችኝ። ብትደግመው ኖሮ የወታደሩን አክስት ሰፈር እነግራት ነበር።